ከዳግም ዘሩ በፊት ያለው መቀነስ

የጠያቂው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «በሲ ፕላስ ፕላስ ነው የምሠራው። ከሞዲስ ሳተላይት የመሬት ገጽ ሙቀት ዳታ ወስጃለሁ። ኢትዮጵያንና አካባቢዋን የሚነኩ 7 ታይሎች (ዳታው የተከፈለባቸው የካርታ ካሬዎች) ናቸው፤ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ያሉት 122 ቀናት። ለእያንዳንዱ ፒክስል ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ሙቀቱ በአማካዩ ዙሪያ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ) አሰላለሁ። ቁጥሮቹን ወደ ኬልቪን ቀይሬ፣ ከካሬዎቹ አማካይ ላይ የአማካዩን ካሬ እቀንሳለሁ። ከዚያ በኢንቴል ኤምኬኤል የቬክተር ላይብረሪ የመላውን አሬይ (የቁጥሮቹን ዝርዝር) ስኩዌር ሩት አወጣለሁ። ሁሉም ፍሎት (ባለ 32 ቢት የነጥብ ቁጥር) ነው። ፍጥነቱን ለማወዳደር አዲስ የውጤት አሬይ ፈጥሬ መጀመሪያ ላይብረሪውን፣ ቀጥሎ ተራውን ፎር ሉፕ አንድ አንድ ጊዜ ለካሁ። ላይብረሪው ከሉፑ ዘገየ። ውጤቱ ውስጥ ደግሞ ናን (ቁጥር ያልሆነ ውጤት) አለ፤ በተለይ ደመና በሚበዛበት ደጋ። የላይብረሪው ባግ ይሆን? ትክክለኛነቱን ዝቅ ባደርገው ይፈጥንልኛል?»

ባግ የለም። ላይብረሪው የተሰጠውን በትክክል እያሰላ ነው። ናኑ የመጣው ከስኩዌር ሩቱ አንድ መስመር ቀደም ብሎ ካለው መቀነስ ነው። ፍጥነቱ ላይ ያዩት ልዩነት ደግሞ ከአለካክ የመጣ ነው፤ እመለስበታለሁ። ከሁለቱ የሚያሳስበኝ ናኑ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ቀርፋፋ ኮድ ያስጠብቃል እንጂ አያሳስትም። እዚህ ግን ከናኖቹ ጎን ያሉት፣ ደህና የሚመስሉት ቁጥሮችም በዚያው ምክንያት ተበላሽተዋል። ካርታው ላይ ቀለም ይዘው ስለሚታዩ ማንም አይጠረጥራቸውም።

ስኩዌር ሩት ያሉትን በትምህርት ቤት ስሙ ዳግም ዘር እለዋለሁ። የኔጌቲቭ ቁጥር ዳግም ዘር በሪል ቁጥሮች ውስጥ የለም። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ናን ይመልሳል፤ «ይህ ቁጥር አይደለም» ማለቱ ነው። ላይብረሪውም ፕሮግራሙን አያቆምም። ናኑን ቦታው ላይ ጽፎ፣ የስህተት ምልክት አስቀምጦ ይቀጥላል። ምልክቱን ካልጠየቁት አይነግርዎትም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ያ የመቀነሱ ውጤት፣ ቫሪያንስ የሚባለው፣ ኔጌቲቭ መሆን አይችልም፤ ታዲያ እርስዎ ጋ እንዴት ኔጌቲቭ ሆነ?

ፍሎት 32 ቢት ነው። የቁጥሩን አሃዞች ለመያዝ ያለው ግን 24 ቢት ብቻ ነው፤ በአሥር ቤት ሲቆጠር 7 አሃዝ ገደማ። የመሬት ገጽ ሙቀት በኬልቪን 300 አካባቢ ነው። ካሬው 90,000 ነው። እዚያ አካባቢ አንዱ ፍሎት ከሚቀጥለው ፍሎት የሚርቀው በ0.0078125 ነው። በመካከላቸው ሌላ ፍሎት የለም። ውጤቱ በመሃል ከወደቀ ወደ አንዱ ጎን ይጠጋጋል። አሁን ሁለት 90,000 የሚያህሉ፣ ሁለቱም የተጠጋጉ ቁጥሮች ወስደው አንዱን ከሌላው ይቀንሳሉ። ትልልቆቹ አሃዞች ይጠፋፋሉ። የሚቀረው የማጠጋጋት ስህተቱ ነው።

አንድ ፒክስል ቀርበን እንይ። ደመና በዝቶ በአራቱ ወራት ውስጥ ሦስት ቀን ብቻ ታየ እንበል። የተገኘው ሙቀት 300.10፣ 300.20 እና 300.30 ኬልቪን ነው። ትክክለኛው ቫሪያንስ 0.00667 ገደማ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.0816 ነው። በፍሎት ግን በሁለቱ 90,000ዎች መካከል ያለው ልዩነት 0.00667 መሆን አይችልም። ወይ 0 ነው፣ ወይ 0.0078125፣ ወይ 0.015625፤ ማጠጋጋቱ በሌላኛው አቅጣጫ ከሄደ ደግሞ ኔጌቲቭ 0.0078125። ዳግም ዘሩ ሲወጣ በየተራ 0፣ 0.088፣ 0.125 እና ናን ይሆናል። ከአራቱ ናን ብቻ ነው ስህተት መኖሩን የሚናገረው። ሦስቱ ዝም ይላሉ።

ናኑ ደጋው ላይ የበዛውም ለዚህ ነው። ክረምት ላይ ደመና ስለሚሸፍነው ፒክስሉ የሚታየው ጥቂት ቀን ነው። ጥቂት ቀን ሲሆን እውነተኛው ልይይት (ቫሪያንሱ) ትንሽ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል። ልይይቱ ትንሽ ሲሆን ደግሞ የማጠጋጋት ስህተቱ ይውጠዋል። ብዙ ቀን የታዩት ፒክስሎችም ሙሉ በሙሉ አላመለጡም። የ122 ቀን ካሬዎች ድምር 11 ሚሊዮን ገደማ ነው። በዚያ መጠን ሁለት ጎረቤት ፍሎቶች የሚራራቁት በ1 ነው፤ በአንድ ሙሉ። ድምሩ እዚያ አካባቢ ሲደርስ እያንዳንዱ መደመር እስከ ግማሽ ሊስት ይችላል። ሙቀቱ ብዙ በሚዋዥቅበት ቆላ ይህ ላይታይ ይችላል። ሙቀቱ በማይዋዥቅበት ቦታ ግን የሚያዩት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከፊሉ የማጠጋጋት ስህተት ነው።

አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ኮምፓይለሩን «ለዚህ ማሽን ልክ አድርገህ ሥራው» ስንለው፣ ማባዛትና መቀነስን በአንድ ኢንስትራክሽን (የፕሮሰሰር ትእዛዝ) ሊያዋህዳቸው ይችላል። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ይህን በነባሪ ያደርጋል። ሲዋሃዱ ማጠጋጋቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው። እዚህ ግን የካሬዎቹ አማካይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፣ የአማካዩ ካሬ ደግሞ ሳይጠጋጋ ይቀነስበታል። አንድ ቀን ብቻ የታየ ፒክስል እንኳ፣ ልይይቱ ልክ 0 መሆን ሲገባው፣ ጥቂት ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። ፍላግ (ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ ምርጫ) ቀይረው ናን ከበዛብዎት ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ላይብረሪውን አይክሰሱት።

የተለመደው አቋራጭ ኔጌቲቩን ወደ 0 መቀየር ነው። እኔ አልመክረውም። ናኑ ይጠፋል፤ ስህተቱ አይጠፋም። አብሶሉት ቫሊዩ መውሰድ ደግሞ ይብሳል፤ የማጠጋጋት ስህተትን እንደ እውነተኛ ልይይት አድርጎ ያስቀምጣል።

የእርስዎ ዳታ ግን አንድ ትልቅ ጸጋ አለው። የዕለቱ የ1 ኪሎ ሜትር ሙቀት ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው በሙሉ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ፒክስል 16 ቢት፣ ምልክት የሌለው ሙሉ ቁጥር ነው። በ0.02 ሲባዛ ኬልቪን ይሆናል። 15,000 ማለት 300 ኬልቪን ማለት ነው። ወደ ኬልቪን የቀየሩት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ችግሩም የተጀመረው እዚያው ነው። አይቀይሩት። በጥሬው ቁጥር ይደምሩ። የሙሉ ቁጥር መደመርና ማባዛት፣ ቦታው እስከበቃ ድረስ፣ ምንም አያጠጋጋም።

የሚይዙት ሦስት ነገር ነው፦ ፒክስሉ የታየበት ቀን ብዛት፣ የጥሬ ቁጥሮቹ ድምር፣ የካሬዎቻቸው ድምር። መጨረሻ ላይ ብዛቱን በካሬዎቹ ድምር ያባዙ፤ ከሱ ላይ የድምሩን ካሬ ይቀንሱ። ይህ ውጤት ሙሉ ቁጥር ነው፤ በሒሳቡ ባሕርይም በፍጹም ኔጌቲቭ አይሆንም። ዳግም ዘሩን አውጥተው በቀን ብዛት ያካፍሉና በ0.02 ያባዙ። አለቀ።

የቅድሙን ፒክስል በዚህ እንሞክረው። ጥሬ ቁጥሮቹ 15,005፣ 15,010 እና 15,015 ናቸው። ድምራቸው 45,030 ነው። የካሬዎቻቸው ድምር 675,900,350። የቀን ብዛቱን፣ 3ን፣ በዚህ ስናባዛ 2,027,701,050። የ45,030 ካሬ 2,027,700,900። ልዩነቱ ልክ 150 ነው፤ አንድም አሃዝ አልጠፋም። የ150 ዳግም ዘር 12.247፤ ለ3 ሲካፈል 4.082፤ በ0.02 ሲባዛ 0.0816 ኬልቪን። በፍሎት 0 ወይም ናን ሊሆን ይችል የነበረው ይኸው ፒክስል ነው።

የሙሉ ቁጥር አደጋ ማጠጋጋት ሳይሆን መትረፍረፍ ነው፤ ስለዚህ ቦታውን ያስፉ። የካሬዎቹ ድምር የግድ 64 ቢት ይሁን። የ15,000 ካሬ 225 ሚሊዮን ነው፤ በ122 ቀን 27 ቢሊዮን ያልፋል፤ 32 ቢት የሚይዘው ከ4.3 ቢሊዮን በታች ነው። ድምሩን ካሬ ሲያደርጉም ከማባዛትዎ በፊት ወደ 64 ቢት ይቀይሩት። ከተባዛ በኋላ መቀየር የጠፋውን አይመልስም። በፓይተን ለምትሠሩ አንባቢዎች ደግሞ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ናምፓይ በሚባለው የፓይተን የቁጥር ላይብረሪ ውስጥ የ16 ቢት አሬይ በራሱ ሲባዛ ውጤቱም 16 ቢት ይሆናል። የ15,000 ካሬ 14,912 ሆኖ ይወጣል። ቁጥሩን ልብ በሉት፤ 15,000ን ይመስላል። ኤረርም አያወጣም። መጀመሪያ የአሬዩን ዓይነት ወደ 64 ቢት ቀይሩ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ባዶ ፒክስል ነው። በዚህ ዳታ ላይ «ምንም አልታየም» የሚለው በ0 ይጻፋል። የሚሠራው ቁጥር ከ7,500 ጀምሮ ነው። ሁለት ቀን 15,000፣ አንድ ቀን ደመና ሆኖ 0 የተጻፈበትን ፒክስል ሳያጣሩ ቢደምሩት፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 141 ኬልቪን ይወጣል። ይህን ያህል ሲሆን ያዩታል። ግን በ100 ቀን ውስጥ አንድ 0 ብታመልጥ ውጤቱ 30 ገደማ ይሆናል፤ እሱን ማን ይጠረጥራል? ስለዚህ 0ን ከመደመር በፊት ይዝለሉ፤ ቀኑንም አይቁጠሩት። የጥራት ምልክት የያዘውንም ንብርብር አብረው ያንብቡ። የደመና ጠርዝ ያገኘው ፒክስል ቁጥር ቢኖረውም የሚታመን ላይሆን ይችላል።

እግረ መንገዴን፦ ሞዲስ የመሣሪያው ስም ነው። የተጫነው በ1999 በመጠቀችው ቴራና በ2002 በመጠቀችው አኳ ላይ ነው። ቴራ ምድር ወገብን ረፋድ 4:30 ገደማ፣ አኳ ደግሞ ከቀኑ 7:30 ገደማ እንዲያልፉ ነበር የታቀደው። የሁለቱን ፋይሎች ቀላቅለው ከሆነ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ውስጥ የገባው የቀን ለቀን ለውጥ ብቻ አይደለም። የረፋድና የቀትር ልዩነትም ገብቷል። ለየብቻ ያስሏቸው።

ዳታው ከመጀመሪያው በፍሎት ለሚመጣለት ሰው የሙሉ ቁጥሩ መንገድ አይሠራም። ያኔ ሁለት አማራጭ አለ። ቀላሉ ከሁሉም ቁጥር ላይ አንድ የሚቀርብ ቁጥር፣ ለምሳሌ 300ን፣ ቀንሶ መጀመር ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሁሉም በእኩል ቢቀነስ አይለወጥም፤ ካሬዎቹ ግን ትንንሽ ይሆናሉ። ሁለተኛው ዌልፎርድ በ1962 ያሳተመው ዘዴ ነው። አማካዩን በየቁጥሩ እያደሰ የልዩነቶቹን ካሬ ስለሚደምር ሁለት ትልልቅ ቁጥሮችን አያቀናንስም። ድምሩን በደብል (ባለ 64 ቢት የነጥብ ቁጥር) መያዝ ብቻውንም ብዙ ያስታግሳል፤ በ90,000 አካባቢ የደብል ጎረቤቶች ርቀት ከአንድ ቢሊዮንኛ በታች ነው።

አሁን ፍጥነቱ። የቬክተር ላይብረሪ ሲባል ዳግም ዘርን የሚያወጣበት የራሱ ብልሃት ያለው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለዳግም ዘር እንደዚያ አይደለም። ዳግም ዘር ፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን የቻለ ኢንስትራክሽን አለው። በ1999 ከወጣው ፔንቲየም 3 ጀምሮ አራት ፍሎት ባንድ ጊዜ ይወጣል፤ በ2011 ኤቪኤክስ የሚባሉት አዲስ ኢንስትራክሽኖች ሲመጡ ስምንት ሆነ። ላይብረሪውም፣ በደንብ የተቀናበረ ተራ ሉፕም፣ ዞሮ ዞሮ ብዙውን ጊዜ የሚጠሩት ያንኑ ኢንስትራክሽን ነው። ላይብረሪው እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው በኤክስፖነንሻል፣ በሎጋሪዝምና በሳይን ነው። በተለመዱት ፕሮሰሰሮች ላይ እነዚህ የቬክተር ኢንስትራክሽን የላቸውም፤ አንድ ሰው ተቀምጦ በጥንቃቄ መጻፍ አለበት። ያ ሥራ ላይብረሪው ውስጥ አለ።

ቁጥር እናስቀምጥ። የእርስዎ 7 ታይሎች እያንዳንዳቸው 1,200 በ1,200 ናቸው፤ በድምሩ 10,080,000 ፒክስል። የኢንቴል ስካይሌክን ልውሰድ። አንድ በአንድ ሲወጣ እያንዳንዱ የፍሎት ዳግም ዘር 3 ሳይክል ይፈጃል። ስምንት ስምንት ሲወጣ ስምንቱ በ6 ሳይክል ያልቃሉ። ልብ ይበሉ፤ ስምንት እጥፍ አልፈጠነም፤ አራት እጥፍ ነው። በ3 ጊጋኸርዝ ሲታሰብ አንድ በአንዱ 10 ሚሊ ሰከንድ፣ ስምንት ስምንቱ 2.5 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ሜሞሪው ግን ለዚያ አይደርስም። አሬዩ 40 ሜጋባይት ነው። 40 ይነበባል፣ 40 ይጻፋል፤ ፕሮሰሰሩ ከመጻፉ በፊት የውጤቱን ቦታ ወደ ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ወዳለው ፈጣን ሜሞሪ) ስለሚያመጣ ሌላ 40 ይነበባል። ባለ ሁለት ቻነል ዲዲአር 4፣ 2400 ሜሞሪ ቢበዛ በሰከንድ 38.4 ጊጋባይት ያሳልፋል። 120 ሜጋባይቱ ለማለፍ ብቻ ከ3 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። እንግዲህ በዚህ መንገድ የሚጽፍ የትኛውም ላይብረሪ ከዚህ በታች አይወርድም። ፕሮሰሰሩ ሥራውን ጨርሶ ሜሞሪውን ይጠብቃል።

ታዲያ የእርስዎ ላይብረሪ ለምን ከሉፑም ዘገየ? መጀመሪያ ስለተለካ ነው። አዲስ አሬይ ሲፈጥሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሜሞሪውን ወዲያው አይሰጥም። ቃል ነው የሚገባው። ቦታው መጀመሪያ ሲነካ ነው ገጽ በገጽ የሚያቀርበው። በ4,096 ባይት ገጽ የእርስዎ አሬይ 9,844 ገጽ ነው። አንዱ ገጽ ግማሽ ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ቢወስድ እንኳ ወደ 5 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ከስሌቱ ይበልጣል። ያን ዕዳ የከፈለው ላይብረሪው ነው። ሉፑ የደረሰው ገጾቹ ከቀረቡ በኋላ ነው። ላይብረሪው በመጀመሪያ ጥሪው የፕሮሰሰሩን ዓይነት ይመረምራል፤ ትሬዶችም (ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች) ሊያስነሳ ይችላል። ይህ ሁሉ በአንዷ ልኬትዎ ውስጥ ተቆጥሯል። ተራውን ገልብጠው ሉፑን ቢያስቀድሙ ምናልባት ተቃራኒውን ሊነግሩን ነበር።

ትክክለኛው አለካክ እንዲህ ነው። የውጤቱን አሬይ መጀመሪያ በ0 ይሙሉት። ሁለቱንም አንዳንድ ጊዜ ሳይለኩ ያስኪዷቸው። ከዚያ እያፈራረቁ ሃያ ጊዜ ያህል ይለኩና ከየራሳቸው አነስተኛውን ይውሰዱ። ውጤቱንም የሆነ ቦታ ይጠቀሙበት፤ ድምሩን ማተም በቂ ነው። ያለዚያ ኮምፓይለሩ «ይህን ማንም አልፈለገውም» ብሎ ሉፑን ጠቅላላ ሊያወጣው ይችላል።

ሉፑ በራሱ ስምንት ስምንት እንዲሠራ ደግሞ አንድ እንቅፋት መነሳት አለበት። የሲ ቋንቋ ዳግም ዘር ፋንክሽን ኔጌቲቭ ሲገባበት ኤርኖ የሚባለውን የስህተት ቁጥር እንዲያስቀምጥ ሊጠበቅ ይችላል። ሊኑክስ ላይ ጂሲሲ በነባሪ ይህን ይጠብቃል። በዚህ የተነሳ እያንዳንዱን ቁጥር ይፈትሻል፤ ሉፑንም ወደ ቬክተር አይቀይረውም። መፍትሔው «ኖ ማዝ ኤርኖ» የሚባለው ፍላግ ነው። ኦ 3 ከሚባለው የማፍጠኛ ፍላግ ጋር አብሮ ይሰጥ። ውጤቱን በአንዲት ቢት አይለውጥም። «ፋስት ማዝ» የሚባለውን ግን አያብሩ። እሱ ከሚገምታቸው ነገሮች አንዱ «ናን የሚባል የለም» የሚል ነው፤ ናን ፍለጋ የጻፉትን ፍተሻ ሳይቀር ሊያጠፋው ይችላል። ናን እየፈለገ ላለ ሰው ይህ ዓይንን መሸፈን ነው።

ትክክለኛነቱን ዝቅ ላድርግ ወይ ላሉት፣ አያድርጉ። ላይብረሪው ሦስት ደረጃ አለው፤ ከፍተኛ፣ ዝቅተኛ እና ለፍጥነት ብቻ የሚባለው። ነባሪው ከፍተኛው ነው። የመጨረሻው ግማሽ ያህሉን ቢት ብቻ ነው ትክክል የሚያወጣው፤ ለፍሎት ሦስት አሃዝ ገደማ። ይህን ከፍለው የሚያገኙት ግን የለም። ጊዜው ያለው ሜሞሪው ላይ ነው፤ ስሌቱን ማፋጠን ሜሞሪውን አያፈጥነውም። ዳግም ዘር በአይ ትሪፕል ኢ 754 ስታንዳርድ፣ ከ1985 ጀምሮ፣ የመጨረሻዋ ቢት ድረስ በትክክል እንዲጠጋጋ የተደነገገ ነው። ኢንስትራክሽኑም ያን ያከብራል። በነጻ የተሰጠን ትክክለኛነት ነው፤ አንጣለው።

አንዳንዱ የዳግም ዘርን ግልባጭ (1 ለዳግም ዘሩ ሲካፈል) በግምት የሚያወጣውን ፈጣን ኢንስትራክሽን ተጠቅሞ በቁጥሩ ያባዛል። እሱ 12 ቢት ገደማ ይሰጣል፤ ኒውተን በሚባለው የማሻሻያ ዘዴ በአንድ ዙር ይሻሻላል። ችግሩ 0 ላይ ነው። የ0 ግልባጭ ኢንፊኒቲ ነው፤ 0 በኢንፊኒቲ ሲባዛ ናን ነው። ልይይታቸው 0 የሆነ ፒክስሎች እርስዎ ጋ አሉ። ይቅርብዎት።

ኮዱን ወደ ማክ ለሚወስድ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። አክሰለሬት የሚባለው የአፕል ላይብረሪ የዳግም ዘር ፋንክሽን ያለው ነው፤ ግን የኤምኬኤልን ቅደም ተከተል አይከተልም። ኤምኬኤል ብዛቱን፣ ግብዓቱን፣ ውጤቱን ብሎ ይቀበላል። የአፕሉ ውጤቱን ያስቀድማል፣ ግብዓቱን ያስከትላል፣ ብዛቱን ደግሞ በፖይንተር (በሜሞሪ አድራሻው) ነው የሚፈልገው። ቦታ ሳያስተካክል የቀዳ ሰው የራሱን ግብዓት ደምስሶ ያገኘዋል።

እና ምን ያድርጉ? ላይብረሪውን ከዚህ ኮድ ያውጡት። ለዚህ ሥራ አያስፈልግዎትም። የ122 ቀን የ7 ታይል ዳታ ሲዘረጋ 2.46 ጊጋባይት ነው። በሰከንድ 500 ሜጋባይት ከሚያነብ ዲስክ ለማንበብ ብቻ 5 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ፋይሎቹ 854 ናቸው፣ የታመቁትን መዘርጋትም አለ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ዳግም ዘሩን ብናፋጥን የምናተርፈው ከ10 ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም።

ታይል በታይል ይሥሩ። ለእያንዳንዱ ፒክስል የቀን ብዛቱን በ1 ባይት፣ ድምሩን በ4 ባይት፣ የካሬዎቹን ድምር በ8 ባይት ይያዙ፤ አንዱ ታይል 19 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ቀኖቹ ሲያልቁ አንድ ሉፕ ብቻ ይጻፉ። እዚያው ውስጥ ልዩነቱን በ64 ቢት ያውጡ፣ ወደ ደብል ይቀይሩ፣ ዳግም ዘሩን ያውጡ፣ ያካፍሉ፣ በ0.02 ያባዙ፣ ፍሎት አድርገው ይጻፉ። በመሃል ሌላ አሬይ አይፍጠሩ። የናሙና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከፈለጉ ልዩነቱን ከዳግም ዘሩ በፊት በብዛቱና በብዛት ሲቀነስ 1 ብዜት ያካፍሉ። አንድ ቀን ብቻ የታየ ፒክስል ያኔ መልስ የለውም። አንድም ቀን ያልታየው በሁለቱም መንገድ መልስ የለውም። ለሁለቱም ናን እርስዎ ራስዎ ይጻፉላቸው። ከዚህ በኋላ ካርታው ላይ የሚታየው ናን በሙሉ እርስዎ ያስቀመጡት ይሆናል። ሌላ ቦታ ናን ካዩ ያኔ ባግ አለ ማለት ነው፤ ይፈልጉት።

ከማስጀመርዎ በፊት አራት ፒክስል በእጅ ይስጡት። 15,005፣ 15,010 እና 15,015 የታየበት 0.0816 ማውጣት አለበት። አንድ ቀን ብቻ 15,000 የታየበት ልክ 0፤ የናሙናውን ከመረጡ ናን። ሁለት ቀን 15,000፣ አንድ ቀን 0 የተጻፈበት ልክ 0 ማውጣት አለበት፤ 141 ካወጣ ባዶውን አላጣሩም። ሁሉም ቀን 0 የሆነበት ናን። አራቱም ካለፉ 854ቱን ፋይሎች ያስጀምሩ።